ኮረብታው ያመነኝ ዕለት

ለዛሬ አጥቢያ ሕልም አየሁ። ሕልም ነጋሪ አይደለሁም፤ ሥራዬ የመሬት መንሸራተትን መለካት ነው። ስለዚህ ያየሁትን እንደ ልኬት መዝገቤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ በቅደም ተከተሉ እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ ግን የተኛሁበትን መሬት ላሳይ። አጋም አፋፍ የሚባለው መንደር ከመጣሁ አሥራ ስምንት ቀኔ ነው። ከመንደሩ በላይ ኮረብታ አለ፤ በኮረብታው ወገብ ላይ ደግሞ ሰኔ ላይ የተከፈተ ስንጥቅ አለ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ስድስት ጥንድ ችካል ተክዬ በየማለዳው በመካከላቸው ያለውን ርቀት እለካለሁ። መጀመሪያ በቀን ሁለት ሚሊሜትር ይከፈት ነበር። ከዚያ አራት ሆነ። ትናንት ጠዋት አሥራ አንድ ደረሰ። ነሐሴ ገና አላለቀም። ከኮረብታው ሥር አርባ ሦስት ቤት አለ፤ ለስንጥቁ ከሁሉም የሚቀርበው እኔ ያረፍኩበት የእትዬ ዘርትሁን ቤት ነው።

ሰዉ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲወጣ ከመንደሩ ዋንዛ ዛፍ ሥር ሁለት ጊዜ ስብሰባ ጠራሁ፤ ሁለቴም ተረታሁ። የረቱኝ አቶ ቢምረው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በጎልማሳነታቸው በሙግት የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ዛሬም ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው ካወጡ ሕዝቡ ጸጥ ይላል። በመጀመሪያው ስብሰባ የስንጥቁን አከፋፈት የሚያሳይ መስመር በትልቅ ወረቀት ሥዬ ሰቀልኩ። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል። አቶ ቢምረው ጠጋ ብለው አስተዋሉት።

«ልጄ፣ ይኼ የኛ ኮረብታ ነው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ሽቅብ እየወጣ ነዋ! ቁልቁል ሲመጣ ትጠሪናለሽ።»

ሕዝቡ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መስመሩ ስንጥቁ እንጂ ኮረብታው እንዳልሆነ አስረድቼ ሳልጨርስ ሰው ተበተነ። በሁለተኛው ስብሰባ አቶ ቢምረው የችካሎቼን ነገር አነሡ። «ባገራችን ችካል ለምን እንደሚተከል የማያውቅ አለ? መሬት ሊሸነሸን ሲል ነው። ኮረብታው ይወርዳል ማለት በእርሻችሁ ላይ ሌላ ሰው ይውጣበት ማለት ነው» አሉ። በማግስቱ ሁለት ችካሎቼ ተነቅለው አገኘኋቸው።

ከዚህ ከመምጣቴ በፊት መሥሪያ ቤቴ ስለ ማሳመን የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጥቶኝ ነበር። ሰው የሚያምነው በሦስት ነገር ነው ተባልን፤ በተናጋሪው ማንነት፣ በራሱ በሰሚው ስሜትና በማስረጃ። ሦስቱንም በንጹሕ ጽሑፍ ጽፌያቸዋለሁ። የያዝኩት ግን ሦስተኛውን ብቻ ነው።

በመንደሩ ውስጥ ያመኑኝ እትዬ ዘርትሁን ብቻ ናቸው። እሳቸውም ያመኑኝ በወረቀቱ አይደለም። «ቁጥርሽ አይገባኝም» አሉኝ ትናንት ማምሻውን፤ «ግን ሰው በማያገባው ነገር በዚህ ጭቃ በየማለዳው አይንበረከክም።» ልብሳቸውን በነጠላ ቋጠሩ፤ የእህሉን ጆንያ አፉን ሰፉ፤ ድስቱን በድስት ውስጥ ከተቱ። «ብቻዬን ግን አልወጣም። ሰው ምን ይለኛል? ነገ በምትጠሪው በሦስተኛው ስብሰባ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ አሳምኚልኝ፤ ሁለት ሆነን እንሄዳለን።»

ያንን አንድ ሰው እያሰብኩ ተኛሁ።

በሕልሜ ረፋድ ነበር። ወደ ስብሰባው ልሄድ ስነሣ መንገዱ ቀድሞኝ ደረሰ፤ እኔም ሳልራመድ ራሴን ከዋንዛው ሥር አገኘሁት። ሕዝቡ ተነሥቶ ያጨበጭባል። አንድ የማላውቀው ጸሐፊ በዳር ቆሟል።

«ማን ተናግሮ ነው?» አልኩት።

«ገና ማንም አልተናገረም። እዚህ ቀድሞ ይጨበጨባል፤ ንግግሩ የሚቆረጠው በጭብጨባው ልክ ነው።»

የኔን ሜትር ከኪሱ አወጣና ጭብጨባውን ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶ ለካ። አራት ሜትር ከሃያ ሆነ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ለካው፤ ሦስቱም ልኬት አንድ ወጣ። በሥራው ደስ አለኝ።

«ምንም ይዤ አልመጣሁም እኮ» አልኩት።

«ገበያው ከጀርባሽ ነው። ቶሎ በይ።»

ዘወር ስል ገበያ ነበር። ሴቶች በተዘረጋ ማዳበሪያ ላይ ምክንያት ይሸጣሉ። አንዷ ተረትና ምሳሌ በስኒ ትሰፍራለች። ሌላዋ በጠርሙስ እንባ ይዛለች፤ «የዛሬ ጠዋት እንባ ነው፣ እመቤቴ፤ የትናንቱን እዚያ ማዶ ነው የሚሸጡት» አለችኝ። መሐላ በችርቻሮ አይሸጥም፤ በእስር ነው እንደ ጎመን። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ስለዚህ» የሚለውን ቃል ብቻውን ከምሮ ይሸጣል። አንሥቼ ገለበጥኩት።

«ከፊቱ የሚመጣው የት አለ?» አልኩ። «‹ስለዚህ› እኮ ከአንድ ነገር በኋላ ነው የሚመጣው።»

«ድሮ ቀረ። ዛሬ ሰው ‹ስለዚህ›ን ብቻ ነው የሚፈልግ። ስንት ላርግልሽ?»

«ማስረጃ ነበር የምፈልገው።»

ሽማግሌው በኀዘን አየኝ። «ማስረጃማ ምራቂ ነው፣ ልጄ። ብዙ ምሳሌ ለገዛ ሰው ከላይ ጣል እናደርግለታለን። ለብቻው ማን ይገዛዋል?»

ምንም አልገዛሁም መሰለኝ፤ ግን ወደ ዋንዛው ስመለስ አፌ ሞልቶ ነበር።

ከዋንዛው ሥር ባለ ሦስት እግር በርጩማ ተቀምጧል። ልወጣበት ስል እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁት። እግሩ ሁለት ነው። ሦስተኛው የለም። በእጄ ነቀነቅኩት፤ አልተነቃነቀም። ወጣሁበት፤ እንደ ዐለት ጸና። ይህ ሊሆን እንደማይችል ዐውቃለሁ፤ ግን ቆምኩበት።

ሦስተኛው እግር የት እንዳለ ያየሁት ከላይ ሆኜ ነው። አቶ ቢምረው ከበርጩማው አጠገብ ቆመዋል፤ እግሩን በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። ጋቢ አልለበሱም፤ የኔን የዝናብ ካፖርት ነው የለበሱት፤ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ነው። የካፖርቱ ጫፍ ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ታስሯል። በድሮ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው እንደሚቆራኙት ተቆራኝተናል።

«ሕጉን ታውቂያለሽ፣ እናቴ?» አሉኝ። እኔን እናቴ አሉኝ፤ አላስገረመኝም። «የኔን ነገር አንቺ ትናገሪያለሽ፤ ያንቺን እኔ።»

«ይጀምሩ እንግዲህ፣ ልጄ» አልኳቸው።

አቶ ቢምረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጃቸውን ለማውጣት ጋቢ ፈለጉ፤ አጡ። «አሥራ አንድ ሚሊሜትር» አሉ። «ከትናንት በስቲያ ስምንት ነበር።» ድምፃቸው የኔው ድምፅ ነበር፤ ከፊት ረድፍ አያልፍም። ግንባራቸው ላበው። ያን ጊዜ በእውነት አዘንኩላቸው። ያ ሁሉ አንደበት የነበረው ሰው እውነትን ብቻ ይዞ ሲቆም እንዴት ራቁቱን ይሆናል!

ሕዝቡ ግን በአንድ አፍ «አምነናል!» አለ።

ጆሮዬን አላመንኩም። አርባ ሦስቱም አባወራ፣ ሴቱም፣ ሁሉም አምነናል ይላሉ። እትዬ ዘርትሁን ቋጠሯቸውን ይዘው መሀል ቆመዋል። ከዚያ አንድ በአንድ ይቀመጡ ጀመር። ሣሩ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ጉልበታቸውን አሹ።

«ምን ሆናችሁ ነው የምትቀመጡት?» ብዬ ጮኽኩ። «ካመናችሁ ተነሡ እንጂ!»

«ካመንን ለምን እንነሣለን?» አለኝ ከፊት ያለው። «ያመነ ሰው ይቀመጣል፤ ልቡ ዐርፏላ። የሚሄደው የተጠራጠረ ነው። አንቺ ደግሞ ምን ዓይነት ነገር ታወሪያለሽ?»

«ይወርድባችኋል!»

«አምነናል አልንሽ እኮ! ስንት ጊዜ ነው የምናምንሽ?»

ከበርጩማው ላይ ሆኜ አሰላሁ። ያመነ ከተቀመጠ፣ የተጠራጠረ ከሄደ፣ ሰዉን ለማስነሣት ማድረግ ያለብኝ የማያምኑትን ነገር መናገር ነው። በዚህ መንደር ውስጥ ደግሞ የማይታመን ሰው አለ ቢባል እኔ ነኝ፤ በሁለት ስብሰባ ተፈትኖ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ኮረብታው አይወርድም እላቸዋለሁ። አያምኑኝም። ሳያምኑኝ ይነሣሉ። ሲነሡ ወንዙን ይሻገራሉ። ስሌቱን ሁለት ጊዜ ፈተሽኩት፤ ስሕተት አላገኘሁበትም።

ቀኝ እጄን ከነጠላዬ አወጣሁ። ሕዝቡ ጸጥ አለ።

«ወገኖቼ!» አልኩ፤ ድምፄ ማዶ ገደል ደርሶ ተመለሰ። «ይህ ኮረብታ አይወርድም! ማን ይመስክር? እኔ ልመስክር! አሥራ ስምንት ቀን እግሩ ሥር ተንበርክኬያለሁ። ከኔ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? ሊወርድ ቢያስብ ለኔ ሳይነግረኝ ይቀራል?»

አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ይህ ተናጋሪው ራሱን ምስክር የሚያደርግበት ዘዴ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ሥልጠናው ላይ ተምሬዋለሁ። ምላሴ ግን አልቆመችም።

«አያቶቻችሁን ያቀፈ ክንድ እናንተን ይጥላል? ጉልበቷ ደከመ ብላ ልጇን የጣለች እናት በዚህ አገር አይታችኋል? ወይ ኮረብታው ጽኑ ነው፣ ወይ አያቶቻችሁ ሞኞች ነበሩ። ሦስተኛ የለም! የቱን ትመርጣላችሁ?»

«ኮረብታው ጽኑ ነው!» አለ ሕዝቡ።

ሦስተኛ አለ። ኮረብታው ያኔ ጽኑ ነበር፣ ዘንድሮ ግን ተሰንጥቋል። አጭር ነገር ነው፤ አንድ እስትንፋስ አይፈጅም። ልናገረው አፌን ስከፍት ግን ሌላ ነገር ወጣ።

«ሽሹ የሚላችሁ ማን ነው? ይኼ ጭቃ የለበሰ ሰውዬ! ሜትር የያዘ ሰው ምን ያያል? ከሜትሩ ጫፍ ወዲያ ምን ያውቃል?»

ሕዝቡ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አቶ ቢምረው የበርጩማውን እግር ይበልጥ አቀፉት። ዓይናቸውን ወደኔ አንሥተው ቀስ ብለው፣ «አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር» አሉኝ፤ ለኔ ብቻ።

ያን ጊዜ እትዬ ዘርትሁንን አየኋቸው። እስካሁን ቆመው ነበር። አሁን ቋጠሯቸውን መሬት አስቀመጡ። ጉልበታቸው ታጠፈ። እያመኑኝ ነው።

«አይቀመጡ!» ልላቸው ፈለግሁ። ወደ ጸሐፊው ዞርኩና «በቃኝ፤ ልወርድ ነው» አልኩት።

ሜትሩን ተመለከተ። «አንድ ሜትር ጭብጨባ ይቀራል። ሕዝቡ የከፈለበትን ንግግር ትበያለሽ እንዴ?»

«እውነቱን ልናገርበት?»

«የተረፈው ሜትር ለእውነት አይበቃም። እውነት ሰፊ ነው። መሐላ ግን ልክክ ይላል።»

ማልኩ። በእናቴ ማልኩ፤ በምበላው እህል ማልኩ። «ይህ ኮረብታ ከወረደ ምላሴ ድንጋይ ትሁን!» አልኩ። ንግግር እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር መሆኑን ዕድሜዬን ሙሉ አላውቅም ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ፊት ስቆም የሚንቀጠቀጠው ጉልበቴ በሁለት እግር በርጩማ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እያንዳንዱ ቃል የሚገባበትን ልብ እያየ ይሄዳል። አለቅስ ነበር፤ እያለቀስኩም እናገር ነበር፤ በማልቀሴ የበለጠ ያምኑኝ ነበር። እትዬ ዘርትሁን ተቀመጡ።

አንድም ሰው ቆሞ አልቀረም። ቢሆንም ከኋላ አንድ ቋሚ ነገር ታየኝ። ኮረብታው ነበር። ስብሰባውን ሰምቶ መጥቷል፤ ካባ እንደ ለበሰ ባላገር አፋር ሆኖ ከሕዝቡ ጀርባ ቆሟል፤ ወገቡ ላይ ችካሎቼ ተተክለውበታል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጠኛል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያልተጠራጠረና ያላመነ፣ ገና የሚያመዛዝን እሱ ብቻ ነበር።

«እውነት አልወርድም?» አለኝ፤ ድምፁ የሩቅ ነጎድጓድ ነው።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አንድ ክንድ ጭብጨባ ቀርቷል።

«አትወርድም!» አልኩት። «አንተን የሚያህል!»

ኮረብታው በረጅሙ ተነፈሰ። ልቡ ዐረፈ። ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ፤ ከዚያ፣ ያመነ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ካባውን ሰብስቦ ቀስ እያለ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

ነቃሁ።

ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ትራሴ ርሷል። ነግቷል። ዝናቡ ማካፋቱን አላቆመም። እትዬ ዘርትሁን ከመደቡ ጫፍ ተቀምጠው እጄን ይዘውኛል፤ ዓይናቸው ከልቅሶ ቀልቷል፤ ፊታቸው ግን ፈክቷል። ከእሳቸው ጀርባ ድስቱ ጉልቻው ላይ ተጥዷል። የጆንያው አፍ ተፈቷል። ልብሳቸው ግድግዳው ላይ በየቦታው ተሰቅሏል።

«እትዬ፣ ዕቃው ምን ሆነ?»

«ፈታሁት፣ ልጄ። ያን ከሰማሁ በኋላ ምን ብዬ ልውጣ? እግዜር አንደበትሽን ይባርከው!»

«ምኑን ነው የሰሙት?»

ሳይመልሱልኝ ወደ በሩ አዩ። በሩ ክፍት ነው። ደጁ በሰው ተሞልቷል። ሦስት ሰዓት ላይ ለጠራሁት ስብሰባ ነው መሰለኝ ማልደው የወጡት፤ በዋንዛው ፈንታ እዚህ በጭቃ ግድግዳው ሥር አደግድገው ቆመዋል። ሴቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አቶ ቢምረው ከፊት ናቸው፤ ጋቢያቸውን ለብሰዋል።

«ልንጠራሽ መጥተን ድምፅሽን ሰማነው» አሉኝ፤ እንደዚህ በአክብሮት አናግረውኝ አያውቁም። «ስንት ዘመን ሙግት ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ አልሰማሁም። የእናትየዋን ጉልበት ስታነሺማ እኔ ራሴ አልቻልኩም። ለካ ሐሳባችን አንድ ኖሯል!»

«አባቴ፣ ተኝቼ ነበር!»

«እሱ አይደል ዋናው! የተኛ ሰው አይዋሽም። ቀን የምትናገሪው የመሥሪያ ቤትሽን ነው፤ ደሞዝ ይቆረጥለታል። በእንቅልፍሽ ማን ይከፍልሻል?»

ሰዉ «እውነት ነው!» አለ። በነገሩ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ፈለግሁ፤ ሦስት አገኘሁ። በቅደም ተከተል ላስረዳቸው ጣቴን አንሥቼ «አንደኛ» ስል አንዱ ጎልማሳ በጨዋ ደንብ ኮፍያውን አውልቆ፣

«ችካሎቹን የነቀልኩት እኔ ነበርኩ፤ ይቅር በይኝ። ልብሽ ከኛ ጋር መሆኑን አላወቅሁም» አለኝ። ሁለቱን ችካል ታጥበው፣ ተወልውለው አምጥቷቸዋል።

ከመደቡ ወርጄ በባዶ እግሬ ደጅ ወጣሁ። ከሰዉ ራስ በላይ ኮረብታው ጭጋግ ለብሷል፤ ስንጥቁ አይታይም። እትዬ ዘርትሁንን ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ሕልም ነው!» አልኩ። ድምፄ ከፊት ረድፍ አላለፈም። «ሕልም ነበር፤ የተናገርኩት ሁሉ ሐሰት ነው። ስንጥቁ ትናንት አሥራ አንድ ሚሊሜትር ተከፍቷል፤ ኮረብታው ይወርዳል! እለምናችኋለሁ፣ ዛሬውኑ ውጡ!»

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዳንዱ ፊቱን አጠቆረ። እትዬ ዘርትሁን ክንዳቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡ።

አቶ ቢምረው ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ሁሉም ጸጥ አለ።

«አትቀየሟት» አሉ በርኅራኄ፤ «ነቅታ እኮ ነው።»